የወፏ አራስ ቤት

የወፍ አደራ ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ፣ ልጆቼ፣ ቡሪየን ከተማ የሚኖረውን ሳሊሕን አላየም ማለት ነው።

ሳሊሕ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ሲገፋ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ እጁ ሥራ ሲፈታ የሚያመው ሰው ነው። ባቡሩ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር መቆም በጀመረ ሰሞን፣ እዚያ ወፍ ይዛ ትኖር የነበረች ሮማነወርቅ የምትባል ልጅ ኪራይ ተጨመረባትና ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ኬንት ልትሄድ ሆነ። የኬንቱ አከራይ ደግሞ ሰው ይቻላል፣ ወፍ አይቻልም አላት። ወፎቹ ፊንች የሚባሉት ናቸው፤ የኛን ድንቢጥ ያክላሉ፣ ምንቃራቸው እንደ በርበሬ የቀላ። ሁለት ጥንድ ነበሩ። ሮማነወርቅ ከሁሉ አንዷን፣ ክንፏ ላይ ነጭ ላባ ያለባትን ሴቷን፣ ለብቻዋ በመዳፏ ይዛ አሳየችው።

«ጋሽ ሳሊሕ፣ ይቺ የእማዬ ናት። እማዬ አልጋ ከያዘች በኋላ እስክታርፍ ድረስ ቀን ሙሉ የምታጫውታት እሷ ነበረች። አደራዎን።»

«አብሽሪ ልጄ፤ እኔ ሳልበላ ውዬ እሷ ትበላለች» አላት።

መኪናውን ውጭ ፓርክ አድርጎ ጋራዡን ለወፎቹ ለቀቀላቸው። መስኮቱ ያለበትን ወገን ከወለል እስከ ጣራ በሽቦ ወንፊት ከለለ፤ ሰው ቆሞ የሚገባበት ሰፊ ቤት ወጣው። እንቁላል መጣያ የሚሆኑ ክብ ክብ ቅርጫቶችም ገዛ። ታዲያ ሲሰቅላቸው የሀገሩን ወግ አልረሳም። የሮማነወርቅ እናት ወፍ ታላቅ ናት ብሎ የሷን ቅርጫት ከላይ፣ የወጣቶቹን ጥንድ ዝቅ አድርጎ ሰቀለ።

ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ የነበረው ጠብ አይጣል ነው! አራቱም ላይኛውን ካልያዝን ብለው ተናከሱ፣ ላባ በረረ። ጎረቤቱ ገብረጊዮርጊስ በር ላይ ቆሞ በሳቅ ፈረሰ።

«አንተ ሳሊሕ፣ ቀኝ አዝማች ግራ አዝማች ብለህ ሾምካቸው እንዴ?»

«ታላቅን ማክበር ነውር ነው?»

«ወፍ ምን ያውቃል ታላቅና ታናሽ! እኩል ስቀልላቸው፣ ትርፍም ጨምር፣ ያልጣመው ይምረጥ።»

እንዳለው ቅርጫቶቹን ሁሉ በአንድ ከፍታ ሰቀለ፣ ሁለት ትርፍ ጨመረ። ጠቡ በረደ። ደረቅ ሳር ሲጥልላቸው ወንዱ በምንቃሩ እየለቀመ ወደ ቅርጫቱ ያመላልስ፣ ባለ ነጭ ላባዋ ከውስጥ ተቀብላ ትደለድል ጀመር። ትንሽ ቆይቶ የባቄላ ፍሬ የምታክል ነጭ እንቁላል ታየች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሳሊሕ ደስታውን አፍኖ መያዝ አልቻለም፤ ለሰው ሁሉ ኮል አደረገ። አራስ ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይገባም። ጎረቤታቸው እትዬ ሽቱ ከጓሮዋ ያደረቀችውን ሳር በፌስታል አመጣች። ሌላዋ ጎረቤት ናፊሳ የተፈለቀቀ ጥጥ አመጣች። ገብረጊዮርጊስ የኮኮናት ቃጫ ተሸክሞ መጣና ወንፊቱ ጋ ቆብ አውልቆ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አላት።

«ገና ምኑን ወለደችና!» አለች የሳሊሕ ሚስት ሃዲያ።

«በቅድሚያ ነው።»

ሳሊሕ ለአራስ የመጣ አይመለስም ብሎ ሁሉንም ወለሉ ላይ አኖረላቸው። ወንዱ ሲያመላልስ ይውላል። ሁሉም ደስ አለው።

ነገር ግን እንቁላሏ ጠፋች። ሌላ ተጣለች፤ እሷም ጠፋች። ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ሳሊሕ አይጥ ነው ብሎ የጋራዡን ቀዳዳ ሁሉ ደፈነ። ገብረጊዮርጊስ «አባትየው ነው የሚበላው፣ ዓይኑን አየሁት» ብሎ በወንዱ ላይ መሰከረ። እናቲቱ እንቁላል በመጣል ብዛት መነመነች። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ከድና፣ በቀን ወለሉ ላይ ትቀመጥ ጀመር።

በዚህ መሃል ሮማነወርቅ ደወለች።

«ጋሼ፣ የእማዬ ወፍ እንዴት ናት? የምሠራበት ዌርሃውስ ፈረቃ ሲቀይረኝ መጥቼ አያታለሁ።»

«ደ... ደህና ናት ልጄ። እንቁላል ጥላለች።»

ስልኩን ሲዘጋ ሃዲያ አየችው። «ደህና ናት?»

«ምን ልበላት? የእናትሽ ወፍ በእጄ ላይ ልትሞት ነው ልበላት?»

ሃዲያ ብድግ አለች። ጋራዥ ገብታ የወፏን ቅርጫት ከሚስማሩ አወረደች። «ምነው እንዲህ ከበደ?» አለች። ሳሩ እስከ ቅርጫቱ ጣራ ደርሷል፤ ወፏ የምትገባበት ቦታ እንኳ ጠቧል። ከላይ ያለውን ሳር ቀስ ብላ ስታነሳ እንቁላል። ከሥሩ ጥጥ። ጥጡን ስታነሳ እንቁላል። ከሥሩ የኮኮናት ቃጫ፣ ከሥሩ ደግሞ እንቁላል። እንደ አነባበሮ ተደራርቦ ነበር። ሁሉም ቀዝቅዘዋል።

ሳሊሕ ጎንበስ ብሎ ቅርጫቱ ውስጥ ተመለከተ።

«ይቺ ልጅ ምን ሆነች?» አለ።

«ምን ትሆናለች? አራስ ሆነች።» ሃዲያ ሳሩን በእጇ እንደያዘች ባልዲ ደፍታ ተቀመጠች። «አንሳርን የወለድኩ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ቤቱ ሰው በሰው። አንዱ ሲገባ ብድግ፣ አንዱ ሲወጣ ብድግ። ልጄን አቅፌ መቀመጥ እስኪናፍቀኝ ድረስ። የወፏም ባል ሳር ባየ ቁጥር ያመጣላታል። ባመጣላት ቁጥር ትደለድላለች። የጣለችው ከሥር ይቀበራል፣ እሷም ባዶ ሲመስላት እንደገና ትጥላለች። መታቀፊያ ጊዜ መቼ አገኘች?»

«እኛ ነን እንዴ የቀበርነው?»

«አዎ፣ በናፊሳ ጥጥ!»

ያኔውኑ ተነሱ። ወለሉን ጠርገው አንዲት ሰበዝ አላስቀሩም። አሮጌውን ቅርጫት ጥለው አዲስ፣ ከግማሽ በታች ሳር ያለበት፣ በዚያው ከፍታ ሰቀሉላት። አጥንቷ እንዲጠናላት የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ቀቅለው፣ ፈጭተው ከጥሬዋ ጋር አቀረቡላት። ሳሊሕም የጋራዡን በር ዘጋ።

እሱ ነበር ከሁሉ የከበደው፣ ልጆቼ። እንግዳ መልሶ የማያውቅ ሰው! ሽቱ ሌላ ፌስታል ይዛ ስትመጣ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሌባ ተቅለሰለሰ።

«አራሷ ተኝታለች፣ እትዬ ሽቱ።»

«ከኔ ነው የምትደብቋት? ዓይኔ ቡዳ ነው?»

«ኸረ ምን በወጣዎ! ሳሩን ግን መልሰው ይውሰዱት።»

ሽቱ ተቀይማ ሄደች። ሳሊሕ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ዋለ። ወፏ ግን ቀስ በቀስ ላባዋ ተስተካከለ፣ መብላት ጀመረች፣ አንድ ቀንም ቅርጫቷ ውስጥ ገብታ እንደገና እንቁላል ጣለችና ተኛችበት። ከባሏ ጋር ተራ ይዘው ያቅፉ ጀመር። ሳሊሕ እንዳትሸሽ ብሎ እጁን ወደ ቅርጫቱ ሰዶ አያውቅም።

ሮማነወርቅ ኮል ሳታደርግ አንድ ረፋድ ላይ ከተፍ አለች። ያን ቀን ባለ ነጭ ላባዋ ከጠዋት ጀምሮ ወጥታ አልታየችም። ጥሬዋም አልተነካም።

«የታለች፣ ጋሼ?» አለች፣ ወንፊቱን በጣቶቿ ይዛ።

ሳሊሕ ወደ ቅርጫቱ ጠቆመ። «ውስጥ ናት... መሰለኝ። ሮማኔ፣ ልንገርሽ፣ ደህና ናት ያልኩሽ ጊዜ ደህና አልነበረችም። ዛሬም አላየኋት። እኔ...»

«ዝም በሉ እስቲ!» አለች ሃዲያ።

በጣራው ላይ አውሮፕላን እያጓራ አለፈ። ሦስቱም ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁ። ከዚያ ከቅርጫቱ ውስጥ፣ ትንሽ በር ሲጥ ሲል እንደሚሰማው፣ ቀጭን የጫጩት ድምፅ መጣ። አንድ አይደለም፤ ብዙ ነው። ቀጥሎም ቀይ ምንቃር ብቅ አለ፣ ከዚያ ነጭ ላባዋ። ምንድን ነው የምትጮሁት ያለች ይመስል ዞር ዞር ብላ አየቻቸውና ተመልሳ ገባች።

ሮማነወርቅ ግንባሯን ወንፊቱ ላይ አስደግፋ እየሳቀች አለቀሰች። «እማዬን የሚያስቃት ይሄ አስተያየቷ ነበር» አለች።

«አልሃምዱሊላህ» አለ ሳሊሕ። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ስለ ጥጡም፣ ስለ ቃጫውም፣ ስለ አነባበሮውም ሁሉንም ዘክዝኮ ነገራት።

«እና ስለዚህ ነው እንዲህ የከሱት?»

«ወፏ ናት የከሳችው።»

«እሷማ ደህና ናት፣ ጋሼ። እርስዎን ነው ያልኩት።»

ሳሊሕ ሱሪው ወገቡ ላይ መስፋቱን ያኔ ገና አየ። ወደ ሃዲያ ዞረ።

«ምሳ አለ እንዴ?»

«ቁርሱም አለ፣ ትናንት እንቢ ያልከው እራትም አለ» አለች ሃዲያ፤ ሮማነወርቅን በክንዷ ይዛ ወደ ቤት ቀደመች።