ለእንግዳ የተገፈፈው ሸራ

ባሌ የሥራ አለቃዬም ነው። ቤት ውስጥ የማዘው እኔ ነኝ፤ ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ግን እሱ ያዛል፣ እኔ ኤክስካቫተሬ ላይ ወጥቼ እቆፍራለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይኼ ስምምነት ማንንም አልጎዳም።

ሥራችን ከባቡሩ መንገድ ሥር ያለውን ተዳፋት ቆርጦ የድጋፍ ግንብ ማቆም ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ የከፈትከውን አፈር ሳትሸፍን ውለህ አታድርም። ሸራ እናለብሰዋለን፣ ሸራውን በአሸዋ ከረጢት እንጫነዋለን። ሸራችን ታዲያ አሮጌ ነው፤ እላዩ ላይ ተደርቶ ተደርቶ የለማኝ ካፖርት መስሏል።

ጎብኚዎች በባቡር ሊመጡ ነው ሲባል ባሌ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ።

"ሸራውን ግፈፉት፣ ከረጢቶቹንም ወዲያ አርቁልኝ" አለ። "እንግዳ ሲመጣ ቡትቶ አይሰጣም።"

"ሰማዩን አይተኸዋል?" አልኩት።

"አይዘንብም። ምነው አንቺ ደግሞ፣ አሟርተሽ ልታዘንቢብን ነው?"

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ቤት ብንሆን አልለቀውም ነበር፤ በሰው ፊት አለቃን መሞገት ነውር ነው ብዬ አፌን ያዝኩ።

ከቀትር በኋላ ዶፉ ወረደ። ገላጣው አፈር ውሃውን እንደ ደረቅ ዳቦ ጠጣውና ተዳፋቱ ከሥሩ መንሸራተት ጀመረ። ከላይ ሐዲዱ አለ። ሳላስብ ሞተሩን አስነስቼ የማሽኑን ባልዲ ግርጌው ላይ ለጠፍኩት። ቆመ። ባሌ ጣቢያ ደውሎ ባቡሩን አስቆመ፤ እንግዶቹም እዚያው ቀሩ። እሱስ ተመስገን ነው።

እኔ ግን ተያዝኩ። ማሽኑ ዘይት ያፈሳል፤ መቆጣጠሪያውን ከለቀቅኩ ክንዱ ይዝላል፣ እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ አፈሩ ሐዲዱን ይዞ ላዬ ላይ ይመጣል። ግርጌውን የሚደግፍ ድንጋይ የጫነው መኪና ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። እጄ ደነዘዘ፣ መስኮቱ በትንፋሼ ጉም ለበሰ። ወደ ፊትም የለ፣ ወደ ኋላም የለ። ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ቀና ስል ባሌን አየሁት። ያንኑ ቡትቶ ጎትቶ ተዳፋቱ ላይ ዘርግቶታል። ከረጢቶቹን አርቁ ያለው ራሱ ነው፤ የሚጭንበት ሲያጣ በተተኮሰ ሸሚዙ ሸራው ላይ ተዘርሮ ተኛ።

"ውረድ" ብዬ ጮኽኩ።

"ከተነሳሁ ነፋሱ ይወስደዋል። አንቺ ዝለይና ሩጪ፣ እኔ እይዘዋለሁ።"

"አፈር በደረት ይያዛል እንዴ?"

"አልነሳም።"

"እኔም አልለቅም።"

ማታ ማታ መብራቱን ማን ተነስቶ ያጥፋ ብለን እንደምንጨቃጨቀው ማለት ነው። ተዳፋቱ ከሄደ ሁለታችንም እንሄዳለን፤ ያለችን ደግሞ አንድ ልጅ ናት። አንዳችን መትረፍ አለብን፣ እኔ ደግሞ መንቀሳቀስ አልችልም።

"ልጅቷ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማለች" አልኩት። "በዚህ ዝናብ። ሂድና አምጣት።"

ከዚያ ተነሳ። ሸራው እንደሚበር ሁለታችንም እናውቃለን፤ በረረም። ወደ መንገዱ ይሄዳል ስል ተንሸራትቶ ወርዶ የማሽኑን በር ከፈተ።

"ልጅቷን አምጣ አይደል ያልኩህ?"

"እህቴ ወስዳታለች። ቅድም ደውላልኛለች።" ይኼን እያለ ከጎኔ ተጠቅጥቆ ገባ።

"ታዲያ ለምን ወረድክ?"

አፈሩ ሲንቀሳቀስ ሰምቶ በሩን ወደ ራሱ ሳበው። ማሽኑ አንዴ ተንገጫገጨ፣ አፈሩ መስኮቱን ሸፈነውና ጨለመ፤ ሞተሩም ጠፋ። ለአንድ ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ለሁለት ተጣብቀን፣ ጭቃው በስንጥቁ ሲገባ እየሰማን ተቀመጥን። ቆይቶ ከሩቅ የሠራተኞቹ አካፋ ይሰማ ጀመር።

እጄ አሁንም መቆጣጠሪያውን እንደጨበጠ ነው። የሚይዘው ነገር የለም፤ ግን አልፈታ አለኝ። እሱ በዳበሳ አገኘውና ጣቶቼን አንድ ባንድ አላቀቃቸው።

"በይ ተናገሪ" አለኝ። "ጠዋት የዋጥሽውን።"

ስንት ነገር ነበረኝ። "ሸሚዝህን አጨቀየኸው" አልኩት፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ።