ንጹህ ነው የተባለው አንጎል

መጀመሪያ የተበላሹት ደረሶቼ፣ ቁርአን የማስተምራቸው ልጆች፣ መስለውኝ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቂርአት ሳስቀራ ያላየሁት የስንፍና ዓይነት የለም፤ አሥራ ሁለት ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ስንፍና ሲሰንፍ ግን አይቼ አላውቅም። ከባዶቹን የዐረብኛ ፊደላት፣ ምላስ መንጋጋ ላይ ተደግፎ የሚያወጣቸውን፣ ሁሉም እኩል አለሳለሷቸው። ጮኽኩባቸው። በራሴ አፍ እያወጣሁ አሳየኋቸው፤ እነሱም ልክ እንዳሳየኋቸው ደገሙት፤ እኔ ይባስ ደሜ ፈላ። በመጨረሻ ልጄ ሩፋይዳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አባ፣ አንቱን እኮ ነው የሚደግሙት» አለችኝ።

የሰው ስህተት ከሦስት ቤት ማዶ የሚለቅም ጆሮ ይዤ የራሴን አልሰማሁም ነበር። ከዚያ በኋላ ቀኝ እጄ ብዕር መያዝ እምቢ አለ። በመስታወት ሳየው ምላሴ ተኝቶም አያርፍም፤ ከሥሩ ትል ያለ ይመስል ይርገበገባል። ታናሽ ወንድሜ ሙሐሲን ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ሠርቶ ከተመለሰ ወዲህ የቤተሰቡን ነገር ሁሉ በእጁ ያደረገ ሰው ነው። ስነግረው አላስጨረሰኝም፤ አዲስ አበባ ይዞኝ ሄደ።

እዚያ የመረመረችኝ ሐኪም አንጎሌ ኤም አር አይ እንዲነሳ አዘዘች። የሚጮኽ ቱቦ ውስጥ ከትተው፣ ፊቴ ላይ እንደ ወንፊት ያለ ነገር ገጥመው፣ እንዳትነቃነቅ አሉኝ። ራሴን አልነቀነቅኩም። ምላሴ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ አፌ ውስጥ ይዘል ነበር። ያፈነኝ ቱቦው መስሎኝ ስወጣ እፎይ አልኩ። ሞኝ ነበርኩ።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሟ ሙሐሲንን ለብቻው ኮሪደር ላይ ጠራችው። በሩን ዘጉት። የእኔን ጆሮ ግን ማን ይዘጋዋል?

«ዕጢ የለም፣ የፈሰሰ ደም የለም» አለችው። «የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ዕጢ ቢሆን እናወጣው ነበር።»

ከዚያ ቀስ እያለች አስረዳችው። እንቅስቃሴን የሚያዙት የነርቭ ሕዋሶች አንድ በአንድ እየሞቱ ነው። ትእዛዝ የሚወጣበት የአንጎል ቆዳ ይሳሳል፤ ከዚያ ተነስቶ ወደ አከርካሪ የሚወርደው መስመርም ይጎዳል። ይህን ተራ መሣሪያ ብዙ ጊዜ አያሳይም። በእኔ ሥዕል ላይ ግን በግራና በቀኝ፣ በዚያው መስመር ላይ፣ እንደ ክር የቀጠነ ንጣት አለ፤ ፈልጎ ያላየ ያልፈዋል። እጄንና ምላሴን ከመረመረች በኋላ እሷ ጥርጥር አልቀራትም። ሳይፈልግ ይስቅ ይሆናል፣ ሳይፈልግ ያለቅስ ይሆናል አለችው፤ እንዳትደነግጡ። በአፌ የምናገርበትን ጊዜ ሲጠይቃት ስድስት ወር፣ ቢበዛ ዓመት አለች። ጆሮውና አእምሮው ግን እንዳሉ ይቆያሉ ስትል ማጽናናቷ ነበር።

 ሙሐሲን እንዳትነግረኝ ለመናት። እሷ የታማሚው መብት ነው ብላ ተከራከረች፤ እሱ ደግሞ በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው እንዲህ አይነገርም፣ ከበሽታው በፊት ወሬው ይገድለዋል አላት። ሲገባ ፊቱን ታጥቦ ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ አንጎልህ ንጹህ ነው። ድካም ነው፤ ምላስህን ካሳረፍከው ይመለሳል» አለኝ።

ሰምቻለሁ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እናታችን የታመመች ጊዜ ጨጓራ ነው ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ፤ ሙሐሲንንም አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻዋ ቀን ስትመርቀኝ ኖረች። አሁን አሁን፣ እሷም ሰምታ ነበር ይሆን እላለሁ።

ስንመለስ አቀስታ ላይ መኪናው ቆመ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እዚያ ቆረጥኩና፣ «ሙሐሲን፣ እኔ...» ብዬ ጀመርኩ። ቀሪው እንደ ገንፎ ተላቁጦ ወጣ። ጋቢውን አውልቆ ደረበልኝና ምላስህን አሳርፍ አለኝ።

ማሳረፍ የቤታችን ሕግ ሆነ። ደረሶቼን ሁሉ ከገበያው ማዶ ለሚያስቀራው ለጠልሐ ሰጡብኝ። ሩፋይዳንም ጭምር። አንጀቴ ያረረው በዚህ ነው። ሩፋይዳ ከአምስት ዓመቷ ጀምራ ከቁርአን ሠላሳ ክፍል፣ ከሠላሳው ጁዝእ፣ ሃያ ስድስቱን ከአፌ ተቀብላ በቃሏ ይዛለች። የቀሩት አራት ናቸው። እኔን አባቴ ሰምቶ አስጨረሰኝ፣ አባቴን አባቱ። የምፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ አፌ ሳይዘጋ አራቱን ሰምቼ፣ ስትስት «ተመለሺ»፣ ስትጨርስ «ጨርሰሻል» ማለት። ጠልሐ ደግ ሰው ነው፤ ፊደል ላይ ግን ይሮጣል። ደግሞም አባቷ እሱ አይደለም።

በግራ እጄ እያጣመምኩ «ልጄን መልሱልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ ፈይዛ ወረቀቱን አጣጥፋ ጉያዋ ከተተችና፣ ሲሻልህ አለችኝ። ሙሐሲንም ሲሻልህ አለ። ሊጠይቀኝ የመጣው ሁሉ ሲሻልህ ይላል። ለአፉ ስድስት ወር ብቻ የቀረው ሰው ላይ ይህን ቃል እንደ ቁልፍ ቆልፈውበት ወጡ፤ ሦስት ሳምንትም እንዲሁ ነጎደ። ጠላት ቢሆኑ እሰድባቸው ነበር። የሚወዱኝን ሰዎች ምን ልበላቸው?

ሙሐሲን በዚህም አላበቃም። ለንጹሁ አንጎሌ የምስጋና ዱዓ አስደረገ። በግ ታረደ፣ ጫት ተዘረጋ፣ ጎረቤቱ በሙሉ ተጠራ። ፊልሙን ከፖስታው አውጥቶ በበሩ ብርሃን ላይ ያዘና፣ እዩት፣ እንከን የለውም አለ። ጭንቅላቴ ከእጅ እጅ ዞረ። ጎረቤቴ ይርዳው ክርስቲያን ነው፤ እሱም ገልብጦ ይዞ ሲያየው ቆየና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ የእኔን ቢያነሱት እንዲህ አያምርም» ብሎ ቤቱን አሳቀው። እኔ እዚያ ሰው መሐል ቁጭ ብዬ፣ ያችን ነጭ ክር ይዘዋት ሲዞሩ አየሁ።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው፣ የባሪያህን አንጎል ከደዌ ስለጠበቅህ እናመሰግናለን ሲሉ ሁሉም አሚን አለ። እኔም እጄን ልዘረጋ ስል ቀኙ ከጉልበቴ አልነሳም አለ። ያን ጊዜ ሳቅ መጣብኝ። ደስታ አልነበረም፤ ቀልድም አልነበረም። ሆዴ በእንባ ተሞልቶ አፌ ብቻውን ይስቃል። ልገታው ብል ባሰበት። ሰዎቹም ሼሁ ደስ አላቸው ብለው አብረውኝ ሳቁ፤ ፈይዛ እልል አለች። የማስታጠቢያውን ጆግ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ሩፋይዳ ብቻ አልሳቀችም። ጆጉን አስቀምጣ ታየኝ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ፈይዛ ገበያ ወጣች፤ ሙሐሲንም የለም። ሩፋይዳ ጠልሐ ዘንድ መሄዷን ትታ ገባችና፣ እንደ ድሮው ፊት ለፊቴ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ጉልበቴ ላይ የድሮዋን ሉሕ፣ ፊደል የጻፍኩባትን ጣውላ፣ አኖረች።

«አባ፣ ፖስታው ውስጥ ከፊልሙ ጋር ያለውን የሐኪሟን ወረቀት አነበብኩት» አለች። «እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ፈታሁት። ንጹህ የሚል የለበትም። የሳቁንም ነገር ፈልጌ አገኘሁት።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቱም ያውቃሉ አይደል?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ በግራ ጣቴ ጆሮዬን፣ ከዚያ በሩን ሳመለክታት ከበሩ ማዶ መስማቴ ገባት። እሷ አላለቀሰችም፤ እኔም ስለማልችለው አላለቀስኩም። ስትስት በግራ ጣቴ ሉሕዋን እንድመታ፣ ቦታው ካልገባት ሁለቴ እንድመታ ተስማማን። ሃያ ሰባተኛውን ጀመረች። ድምፅዋ ሲሞላ ቤቱ ተመልሶ የእኔ ሆነ። አንድ ቦታ ላይ የጠልሐን ሩጫ ሮጠች፤ መታሁ። ተመለሰች። ሌላ ቦታ ሳተች፤ ጣቴ ግን እስኪነሳ ዘገየና አለፈችኝ። መጮህ አማረኝ። እሷ ግን ዓይኗ ጣቴ ላይ ነበርና ቆመች፤ ወርዶ እስኪነካ ጠበቀችኝና ከመጀመሪያው አነሳችው።

ሙሐሲን ድምፁን ሰምቶ ኖሮ በሩን ከፍቶ ገባ። አባትሽን አታድክሚው አላልኩም ወይ ብሎ ቆጣ አለ።

«አጎቴ፣ አባ ያውቃሉ» አለችው። «ሐኪሟ ስትነግርዎ በሩ ማዶ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል።»

ከአዲስ አበባ ከተመለስን ወንድሜ ዓይኔን አይቶኝ አያውቅም ነበር፤ ያኔ አየኝ።  ስለ እናታችን ልነግረው፣ አንተ ያደረግከውን እኔም አድርጌዋለሁ ልለው፣ አንገቱን አቅፌ ላለቅስ ፈለግኩ። ሳቅ ሆኖ ወጣ። የገዛ ወንድሜ ፊት ላይ እየሳቅኩ፣ ፊቱ ሲጠቁር እያየሁ ማቆም አቃተኝ። ወደ በሩ ዞረ።

ሩፋይዳ እጅጌውን ያዘችው።

«አይሂዱ አጎቴ» አለችው። «ይኼ ለቅሶ ነው።»

ሙሐሲን የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ሳቁ ጊዜውን ወስዶ ሲበርድልኝ ሩፋይዳ አገጬን በነጠላዋ ጠረገችና ካቆመችበት ቀጠለች።