ቅር የሚለው ያንብብ

ዛራ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት የሱቋን በር ገርበብ ታደርግና እኛን የንባብ ማኅበርተኞቿን በጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ትደረድረናለች። ሐበሻው፣ ሶማሌው፣ ኪኩዩው፣ ሁላችንም የየሰፈራችንን ታሪክ በስዋሂሊ ጽፈን እናመጣለን። የዛራ ደንብ ታዲያ ለብቻው ነው። ጸሐፊው ታሪኩ ስለምን እንደሆነ ይናገራል፤ ከመካከላችን ይበልጥ ቅር ሊለው የሚችለው ሰው ደግሞ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ያውም ቃል ሳይዘል። እኔ ዌስትላንድስ ባለው መሥሪያ ቤቴ ስለ መቻቻል ስንት ስልጠና ወስጃለሁ፤ ምሳው ጥሩ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ግን የትም አልሰማሁም። ይህችን ሴት እንዴት እንደማደንቃት!

ባለፈው ቅዳሜ ተራው የላሚያ ነበር። ላሚያ እዚያው ኢስትሊ የተወለደች የሶማሌ ልጅ ናት፤ ታሪክ ስትጽፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ስለ አያቴ ነው» አለች። «ከኢትዮጵያ ጋር በተደረገው ጦርነት የሶማሊያ ወታደር ነበሩ።»

ዛራ ወረቀቱን ተቀበለቻትና ቀጥታ ለጋሽ ገብረመድህን ሰጠቻቸው። ክው አልኩ። ጋሽ ገብረመድህን ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ናቸው፤ ታላቅ ወንድማቸው እዚያው ጦርነት ላይ ቀርቷል። አስከሬኑም አልተገኘም። ይህን የማያውቅ ከመካከላችን የለም።

«እኔን ነው ዛራ?»

«ደንብ ነው ጋሼ። በሉ፣ ቀስ ብለው ይጀምሩ።»

ተነስተው ቢወጡ ልጅቷ ዳግመኛ ብዕር እንደማታነሳ ፊቷ ላይ ይታያል። መነጽራቸውን አደረጉና ጀመሩ።

አንድ ወጣት ወታደር የውኃ ጉድጓድ አጠገብ አድፍጧል። «ጠላት» ሊጠጣ ጎንበስ ሲል ተኮሰበት። እዚህ ላይ የጋሼ ድምፅ ተሰበረ። ወረቀቱን ይቀዳድዱታል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ደግመው አነበቡት፤ «ጠላት» የሚለውንም አልዘለሉ። አቤት የእኚህ ሰው አንጀት! መጨረሻው ላይ ያ ወታደር ሸምግሎ ናይሮቢ ይኖራል። ከዚያን ቀን ወዲህ ውኃም ሆነ ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጥቶ አያውቅም፤ ግማሹን ለዚያ ሰው ይተውለታል።

ጋሼ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «አያትሽ በሕይወት አሉ?»

«አሉ፣ ምዜ» አለች፤ በስዋሂሊ «አባባ» እንደማለት ነው።

«እውነት ግማሹን ይተዋሉ?»

«እስከ ዛሬ። ምክንያቱን ለእኔ ብቻ ነው የነገሩኝ።»

«ሰውየው ስም የለውም?»

«አያቴ አያውቁትም።»

ጋሼ እንባቸውን አልደበቁም። «ጥሩሰው በይው። የወንድሜ ስም ነው። እሱ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ስም ይኑረው።»

ላሚያ እያለቀሰች «ጠላት» የሚለውን ሰረዘችና ስሙን ጻፈች። ዛራ ለሁላችንም ሻይ ቀዳች። ጋሼ የራሳቸውን አንስተው ጨለጡት፤ ባዶውን ብርጭቆ ለልጅቷ አሳዩአት።

«ለአያትሽ ንገሪያቸው» አሉ። «የጥሩሰው ወንድም ‹ሻይዎን ይጨርሱ› ይልዎታል በያቸው።»