ጉንጮን ፍለጋ

...ይሄም አይደለም፣ ትከሻው ሰፋ፣ ያኛው ደግሞ አጠረ፣ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ያጥራል እንዴ፣ ይከሳል እንጂ አያጥርም፣ ኧረ አንቺ ሴት ቀልብሽን ሰብስቢ ትላለች ለራሷ፣ አዳራሹ ሙሉ የጠፈርተኛ ልብስ ለብሷል፣ ግማሹ ፊቱን በሄልሜት ሸፍኗል፣ ግማሹ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ እሷ ደግሞ የፀጉር ቤት ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ በርራ መጥታ በዚህ ሁሉ ፕላስቲክ መሀል አንድ ልጅ ትፈልጋለች። ጉንጮን። የእናቷን ልጅ።

እማዬ ነገ ጠዋት ልቧ ይከፈታል። ሐኪሙ እንደዚያ ነው ያለው፣ እንከፍተዋለን፣ ቁም ሣጥን የሚከፍት ይመስል፣ እማዬ ግን ስለ ልቧ አንድም ነገር አልጠየቀችም፣ ልጄን ሳላይ አልገባም አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ በቃ። የጉንጮ ስልክ ከተዘጋ ቆየ፣ የተከራየበትን ቤት ለቋል፣ ጓደኞቹ አናውቅም ይላሉ፣ የቀራት ይሄ ብቻ ነው፣ ይሄ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያብድለት ተከታታይ ፊልም፣ አድናቂዎቹ በዓመት አንዴ እዚህ ይሰበሰባሉ፣ እኔ ሞቼም ቢሆን አልቀርም ይል ነበር፣ ወይ አፍ፣ ምናለ ሌላ ቃል ቢመርጥ።

አንዷ አረንጓዴ ትጠጋታለች፣ ውይ ልብስሽ ሲያምር፣ አንቺ የትኛዋ ነሽ፣ ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ እንዴ ስንተኛው ክፍል ላይ ነበረች፣ የትም ክፍል ላይ አልነበረችም እህቴ፣ የምሬን ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ ልጅቷ ትስቃለች፣ እሷም ትስቃለች፣ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን ታሳያታለች፣ ይሄን ልጅ አይተሽዋል። ውይ የኔ እህት፣ እዚህ ፊት ያለው ማን አለ ብለሽ ነው።

እውነቷን ነው። ማን አለ።

አባዬ ነው የጀመረው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጁ ስንት ወር ሙሉ በካርቶን ሲቆርጥ፣ ሲለጥፍ፣ ሲቀባ የከረመውን መንኮራኩር መሬት ጥሎ ረገጠው፣ ምድር ላይ አንድ ሥራ ሳትይዝ ሰማይ ላይ ምን ትሠራለህ አለው፣ ጉንጮ ስብርባሪውን ለቅሞ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። አምና አባዬ ሲሞት እንኳ ያለበትን አውቆ የሚያረዳው ጠፋ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ወንዱ ልጅ የታለ፣ የታለ፣ እሷ ምን ትበል፣ መንገድ ላይ ነው ትላለች፣ እየመጣ ነው፣ እስከ መቃብሩ አፍ ድረስ እየመጣ ነው ስትል።

ለፊርማ የቆመችበት ሰልፍ ይንቀሳቀሳል። ጫፉ ላይ አዛዧ ተቀምጣለች፣ ማለት ፊልሙ ላይ የመንኮራኩሩ አዛዥ ሆና የተጫወተችው ተዋናይት፣ አርጅታለች፣ ከዘራዋን ወንበሩ ላይ አንጠልጥላ ፖስተር ትፈርማለች፣ ፈርማ ቀና ትላለች፣ ቀና ብላ ፈገግ፣ ተራሽ ደርሷል፣ ሂጂ እንጂ ምን ይገትርሻል። ለማን ብዬ ልጻፍልሽ ልጄ። ለወንድሜ። ስሙ ማነው። የገዛ ወንድሟ ስም እልም ይልባታል፣ ጉንጮ፣ ትላለች፣ እቤት ጉንጮ ነው የምንለው፣ ከዚያ የታፈነው ሁሉ ይገነፍላል፣ እማዬ፣ ነገ ጠዋት፣ ልቧ፣ እዚህ አይቀርም ብዬ ነው፣ እኛን አይሰማንም እርስዎን ግን ይሰማል፣ በፈጠረዎት ይጥሩልኝ፣ አስተባባሪው ክንዷን ይይዛል፣ እህት ሰው እየጠበቀ ነው፣ ተዋናይቷ በከዘራዋ ጫፍ እጁን ገፋ ታደርገዋለች፣ ተዋት። ወደ እሷ ጎንበስ ትላለች። እኔ እኮ የእውነት አዛዥ አይደለሁም የኔ ልጅ፣ እነዚህ ፈውስ ሁሉ ይለምኑኛል፣ እኔ ደረጃ የምወጣው ሰው ደግፎኝ ነው። አውቃለሁ እማማ፣ አውቃለሁ፣ ግን ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

አሮጊቷ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። ነይ ደግፊኝ ትላለች።

መድረኩ ላይ መብራቱ ዓይን ያጠፋል፣ የተዋናይቷ ክንድ ቀሊል ነው፣ የወፍ ክንድ፣ አዳራሹ በጩኸት ይናጋል፣ እጇን ስታነሳ ጸጥ። ከመርከበኞቼ አንዱን እፈልጋለሁ፣ እቤት ጉንጮ ይሉታል፣ እናቱ ታማለች፣ ይቺ እህቱ ናት። ሰው ይስቃል፣ ትያትር መስሎታል። አልቀለድኩም። ሳቁ ክስም ይላል፣ ማንም ግን ንቅንቅ አይልም፣ ወይ ፈጣሪ፣ የለም ማለት ነው፣ አልመጣም፣ ለእማዬ ምን ብዬ ልግባ፣ ተዋናይቷ እንደገና፣ ፊታችሁን አሳዩአት፣ እባካችሁ፣ ሄልሜታችሁን አውልቁላት።

አንዱ ያወልቃል። ራሰ በራ፣ ባንክ ቤት መስኮት ኋላ የሚቀመጥ ዓይነት ሰው። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ጎኑ ያለው፣ እንደ ዝናብ ኳኳታ እያሰማ የአዳራሹ ሄልሜት ሁሉ ይወልቃል፣ ላብ ያጠመቃቸው፣ ፀጉራቸው የተጣበቀ፣ ባልና ሚስት፣ ሽማግሌ፣ ሁሉም ወደ እሷ ቀና ብለው፣ እኔ አይደለሁም የሚሉ ፊቶች፣ አዝናለሁ እኔ አይደለሁም፣ እኔም አይደለሁም፣ ዓይኗ እየዘለለ እየዘለለ መጨረሻው ረድፍ ላይ ይደርሳል፣ አንድ ነጭ ሄልሜት አልወለቀም። ወደ ኋላው እየሄደ ነው። በሩን በጀርባው ገፍቶ ይወጣል።

እንዴት እንደወረደች አታውቅም፣ ሰዉ መንገድ ይለቅላታል፣ ኮሪደር፣ የብረት በር፣ የአደጋ ጊዜ መውጫው ደረጃ ላይ ተቀምጧል፣ ከነሄልሜቱ፣ ጉልበቱን አቅፎ። እማዬ የእውነት ታማለች ወይስ እኔን ለመያዝ ነው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል ግን የሱ ነው፣ የሱ ነው፣ እውነት ነው፣ ልጄን ሳላይ አልገባም ብላለች። እመጣለሁ ይላል፣ ወዲያው፣ እሷ ስንት ልመና አዘጋጅታ፣ እመጣለሁ፣ ግን አባዬ እዚያ ካለ በር ላይ እጠብቃለሁ፣ እሱ ሲወጣ እገባለሁ።

አባዬ የለም።

የት ሄዶ ነው።

ወይ የኛ ቃል፣ ሱቅ ብቅ ያለውም የለም ነው፣ ያኛውም የለም ነው፣ ምን ብላ ትለየው፣ ጎኑ ትቀመጣለች፣ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ ሄልሜትህን አውልቅ ወንድሜ፣ እስቲ መጀመሪያ አውልቀው። ለምን ይላል። ክንዱን ትይዘዋለች። እጆቹ ወደ አንገቱ ይሄዳሉ፣ ማያያዣው ጋ ይደርሳሉ፣ እዚያው ይቆማሉ፣ አይከፍቱትም፣ የትኛው የለም እንደሆነ ገብቶታል፣ እሷም ደግማ አውልቅ አትለውም፣ ጭንቅላቱን እንዳለ ከነፕላስቲኩ ደረቷ ላይ ታስጠጋዋለች፣ ከውስጥ የሚመጣው ድምፅ የአንድ ትንሽ ልጅ ነው፣ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ እዚህ ነኝ ትለዋለች፣ እዚህ ነኝ፣ እንነሳለን፣ አሁን እንነሳለን፣