የልደታው ጉርሻ

«ክፈቺ እንጂ፣ ልጄ! የአማት ጉርሻ ይመለሳል እንዴ?»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ በበጉ ወጥ የጠቀለሉትን እንጀራ ከምራታቸው ከጸጋ ከንፈር ላይ አስጠግተው ቆመዋል። ቀኑ የሚሊኒየሙ ዓመት ግንቦት ልደታ ነው። የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ ንፍሮውን ደጅ ቀቅሎ፣ እንጦጦ ግርጌ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። ጸጋ ከጠዋት ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍና ውኃ ስታመላልስ ብትውልም ከንፍሮው አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም። ዳቦውንም በጣቷ እየቆነጠረች በቀኝ ጉንጯ ብቻ ቀስ ብላ ታላምጣለች።

«ጠግቤያለሁ፣ እማማ» አለች አፏን በእጇ ከልላ።

ጎረቤታቸው አስካለች ከንፈሯን መጠጠች። ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ጴንጤ የልደታን አትበላም። ወይዘሮ የማርያምወርቅም ሌላ ምክንያት አልታያቸውም። ልጃቸው ፍቅረማርያም ትናንት ደውሎ፣ «እማዬ፣ ጸጋ መንጋጋዋን ያማታል፤ በምግብ አትጫኚያት» ብሏቸው ነበር። «እሺ» ብለው ስልኩን ዘግተው ሳቁ። ባል ለሚስቱ ሲል መዋሸቱ ድሮም ያለ ነው። እንግዲያው ሰው ፊት ልፈትናት አሉ በልባቸው።

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው!» አሉ ጮክ ብለው።

ተሰብሳቢው ሳቀ። ጸጋ የሚስቁባትን ሰዎች አንድ ጊዜ ቃኘች፣ ዓይኗን ጨፈነችና አፏን ከፈተች። ጉርሻው ጡጫ ያክላል። ገና ከመግባቱ ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር ቀጭ ሲል አጠገቧ ያሉት ሁሉ ሰሙት። ከዚያ ወዲያ አፏ አልዘጋ አለ። ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ የነበረው ፍቅረማርያም ሮጦ ጉርሻውን በጣቱ ሲያወጣላት ምራቋ ደረቷ ላይ ይንጠባጠባል፤ ልትናገር ትሞክራለች፣ ቃል ግን የለም። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር።

ወሰን በሚባለው ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጎን ባለች አንዲት የጥርስ ክሊኒክ፣ ዶክተር ኩልሱም ሁለቱንም አውራ ጣቶቻቸውን በፋሻ ጠቅልለው የጸጋን የታች መንጋጋ ወደ ታች ተጭነው ወደ ኋላ ገፉት። ጸጋ አቃሰተች፤ አፏም ገጠመ።

«በግራ በኩል ያለው ጥርስ ተበልቷል» አሉ ዶክተሯ። «እሱን ስትሸሽ ለዓመታት በአንድ ጎን ብቻ ስታላምጥ ኖራለች። የመንጋጋው መገጣጠሚያ የተጎዳው በዚህ ነው። መጀመሪያ ይንቋቋል፣ ከዚያ ያማል፤ አፍ በሰፊው ሲከፈት ደግሞ እንዲህ ይወልቃል። አሁን ምን ስትሆኚ ነው?» ሲሉ ወደ ጸጋ ዞሩ።

ፍቅረማርያም እናቱን አየ። እናቱ ወለሉን አዩ።

«ሳዛጋ ነው» አለች ጸጋ አገጯን በመዳፏ ደግፋ።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ እውነቱን ሊናገሩ አሉና ምላሳቸው ተሳሰረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይህን ነው። ባያውቁ ኖሮ ስህተት ይባል ነበር፤ እሳቸው ግን ተነግሯቸዋል።

ደጅ ሲወጡ ጸጋ ክንዳቸውን ያዘች። «እማማ፣ እንግዶችዎን ጥለው መጡ እኮ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ይመለሱ።»

ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ባልና ሚስቱ ወደ ኮተቤ ሄዱ፤ እሳቸው ታክሲ ይዘው ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። መንገዱን ሙሉ ያ ቀጭ ያለው ድምፅ ከጆሯቸው አልወጣም።

ከዛፉ ሥር ሰው አልተበተነም። አስካለች ገና ከሩቅ ስታያቸው ተነሣች።

«እንዴት ሆነች? እኔማ ይሄው ስናገር ነው የዋልኩት፤ የልደታ ሥራ ነው! የናቃትን አፉን ከፍታ ታስቀረዋለች!»

«በሷማ ቀልድ የለም» አሉ ጋሽ ተክሌ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱ ወንበር ለቀቀላቸው።

ተቀምጦ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ስማቸው እንደ ተከበረ ይቀራል። የጸጋ ስም ግን ከዚህ ተነሥቶ ዘመድ አዝማዱን ያዳርሳል፤ «ማርያም የቀጣቻትን ምን ይዘህ ትኖራለህ? ፍታት» የሚል አጎትም ለልጃቸው አይጠፋም። ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

«ልደታን በሐሰት አታንሷት» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ እንደ ቆሙ። «ልጅቷ በሽተኛ ናት። ልጄ ትናንት ነግሮኛል። ውሸት መስሎኝ በእናንተ ፊት ላሳጣት ነው ያጎረስኳት። ሐኪሟ ስትጠይቅ እንኳ ሳዛጋ ነው ብላ ሸፈነችልኝ፤ እኔም እያየሁ ዝም አልኩ።»

አስካለች ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ውይ፣ አንቺ! ምን ነክቶሽ?»

«ክፋት ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል! ነገ ኮተቤ አብራችሁኝ ሂዱ። ሽማግሌ ሁኑኝ፤ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጋሽ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አማት ምራቷ ዘንድ ሽማግሌ ይዛ ስትሄድ እኔ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።»

«እንግዲህ ዛሬ ሰሙ» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «አብሮኝ የሚሄድ እጁን ያውጣ።»