ታይሲያ ያመጣችው እንጉዳይ

እህቴ ታይሲያ በሳንባ ምች የሞተችው ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን ነው። በእኛ በካዚም ወንዝ ዳር ሰው ሲሞት፣ ነጭ ቅርፊት ባለው በርች ዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅለው፣ የፈረስ ኮቴ የሚመስለው ጠንካራ እንጉዳይ ይጨሳል። አስከሬኑ ከቤት እስኪወጣ ድረስ ጭሱ መቋረጥ የለበትም። ከተቋረጠ ሟቹ መንገዱን ትቶ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም ወደሚወደው ሰው ነው።

እናቴ ደረቅ እንጉዳይ እንዳመጣ ላከችኝ። ደረቅ ከየት ይምጣ? ያረጁት በርቾች ለነዳጅ ቧንቧ ተመንጥረዋል። እንጉዳዩ ደግሞ የደከመና የሚሞት ዛፍ እንጂ ለጋ አይወድም። ከወንዙ ማዶ ለቅሜ ያመጣሁት ሁሉ ሲጨመቅ ውሃ ያወጣል።

ቤት ውስጥ ደረቅ የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ የታይሲያ። ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ስለ እንጉዳይ ነበርና ባለፈው መከር በሻርፗ ጠቅልላ አምጥታው ነበር። ግማሹ ያደገው ዛፉ ቆሞ ሳለ ነው። ዛፉ ሲወድቅ ግን እንጉዳዩ አልሞተም፤ ሆዱን እንደገና ወደ መሬት አዙሮ ሌላ ግማሽ አበቀለ።

"አየሽ ኡስቲና፣" ትለኝ ነበር፣ "ቤቱ ተገልብጦበት እንኳ ታች የት እንደሆነ አልጠፋውም። አንቺ ግን አንድ ብርጭቆ ቮድካ ከቀመስሽ በሩ ይጠፋሻል!"

"ይሄን አልሰጥም፣ እማዬ፤" አልኩ። "እጇ የነካው ሌላ ምን ቀረኝ?"

እናቴ ቢላዋ አቀበለችኝ። ከዚያ፣ "እንግዲያው ቁረጪው፤ ግማሹ ለሷ፣ ግማሹ ላንቺ፤" አለች።

ከተጣመመበት ላይ ቆረጥኩት። ዛፉ ቆሞ ሳለ ያደገውን ግማሽ በሸክላ ሳህን ላይ ለኮስነው።

ደጅ አጎቴ ራሱ የሠራላትን የታይሲያን ጀልባ እንደ ወጋችን ለሬሳ ሳጥኗ ይቆርጣል።

"ይቺን ልጅ! በቁሟም አላሳረፈችኝ፣ ሞታም አላሳረፈችኝ! 'የማይሰበር ሥራልኝ' አለችኝ፤ ይኸው፣ አልቆረጥ አለ!"

ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ተቋረጠና የመጋዙ ድምፅ ብቻ ቀረ።

መጋዙ ሳያቆም ፍሙ መደብዘዝ ጀመረ። እናቴ ጎንበስ ብላ አመዱን እፍ ትላለች፤ ስጪኝ አላለችም። የቀረው ግማሽ ጭኔ ላይ ነው። ጭሱ ቢቋረጥ ታይሲያ ወደ ማን እንደምትመጣ አውቃለሁ። ትምጣ፣ አልኩ በልቤ። ታማም ቢሆን፣ ይዛኝም ብትሄድ፣ ትምጣ።

"ኡስቲናዬ፣" አለች እናቴ ቀና ሳትል፣ "መንገድ ላይ ልታስቀሪያት ነው?"

ግማሹን ፍሙ ላይ አኖርኩት። ቶሎ አልያዘም። ከዚያ ቀጭን ጭስ ተነሣ።

አጎቴ በዝናብ በስብሶ ገባ። ሸክላውን አየ።

"በዚህ ዝናብ ደረቅ ከየት አገኛችሁ?"

"የራሷ ነው፤" አለች እናቴ።

ተሸክመው ሲያወጧት ከእንጉዳዩ ጫፍ ትንሽ ቀርቶ ነበር። እናቴ በመቆንጠጫ አንሥታ ዘረጋችልኝ። አልተቀበልኩም። መልሳ ፍሙ ላይ ጣለችው፤ እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀመጥኩ።