የሸረፋ ስፌት

ሸረፋ ጠርጣራ ሰው ነው። ቦንጋ ላይ ዘይት፣ ሳሙናና ስኳር በጅምላ ሲነግድ ዕድሜውን ጨርሷል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ፋብሪካን እንኳ አምኖ አያውቅም። የስኳር ጆንያ ከመኪና በወረደ ቁጥር አፉን ይፈታል፤ ክንዱን ያስገባል፤ እርጥበት እንደሌለው በጣቱ ዳብሶ ካረጋገጠ በኋላ ራሱ ቁጭ ብሎ መልሶ ይሰፋዋል። ክሩ ምንጊዜም አረንጓዴ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ደግሞ እንደ ልጃገረድ ጸጉር ጎንጉኖ ይቋጥረዋል። "መንገድ ላይ ፈትቶ አሸዋ የሚጨምርበት ቢኖር በስፌቴ አውቀዋለሁ" ይላል። ሚስቱ ሰኪና "አንተ እኮ ጥላህ ሲከተልህም ዞረህ ትገላምጠዋለህ" ስትለው መልሱ አንድ ነው፤ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሽማግሌ መላክ መከራ ነው። ሙዘሚል ግን ላከ። የሸረፋን ልጅ ኑሪያን ሊያገባ ፈልጎ ሦስት አዛውንት አስከትሎ መጣ። ትውልዱ ጅማ ነው፤ ቦንጋ ከመጣ ቆይቷል፤ ሶላት አያሳልፍም፤ ቁጥብ ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ ሲዘረዝሩ ሸረፋ ጢሙን እያሻሸ ሰማ።

"ሥራህ ምንድነው ልጄ?"

"ሰፈፍ እነግዳለሁ፣ ጋሽ ሸረፋ። ማሩ ከተለየ በኋላ የሚቀረውን እገዛና አቅልጬ፣ ሰሙን አዲስ አበባ እልካለሁ።"

"ሰፈፉን ከየት ታገኘዋለህ?"

ሙዘሚል አቀርቅሮ "ከየቦታው" አለ።

ሸረፋ ይቺን ቃል ያዛት። ከየቦታው! በከፋ ዞን ቦንጋ አለ፣ ዋጫ አለ፣ ሺሺንዳ አለ፤ "ከየቦታው" የሚባል ቦታ ግን እሱ አያውቅም። ሊሰነባበቱ ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ ደግሞ ከልጁ ጃኬት የኮመጠጠ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ። አምቡላ! ሸረፋ ጠጅ ቀምሶ አያውቅም፤ ግን ቦንጋ ኖሮ የጠጅ ዝቃጭ ሽታ የማይለይ አፍንጫ የለም። ቶሎ ብሎ ለሽማግሌዎቹ "ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መልስ እሰጣለሁ" አላቸው፤ በሩን ዘግቶም ወደ ሰኪና ዞረ።

"ይሄ ልጅ ሰፈፍ ነጋዴ አይደለም። በሰፈፍ ስም ለጠጅ ቤት ማር ያቀብላል።"

ኑሪያ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። "አባ፣ ጠይቀው እንጂ አትሰልለው። እሱን ካልሆነ እኔ ማንንም አላገባም።"

"በሐራም ገንዘብ እየጎረስሽ ልትወልጂ ነው?" ብሎ ጮኸባት። ጮኸ እንጂ ፈርቷል፤ ያለ እሷ ልጅ የለውም፤ አንዴ እምቢ ካለች እንደማትመለስ ደግሞ ያውቃል፤ የሱው ልጅ ነቻ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሸህ ከሊፋን ጠብቆ መስጊዱ ጥግ ያዛቸው።

"ሸህ፣ አንድ ሙስሊም ለጠጅ ቤት ማር ቢሸጥ ሥራው ሐላል ነው?"

"ማር መድኃኒት ነው፤ እሱ ምን አጠፋ? ገዢው ጠጅ እንደሚጥልበት እያወቀ ከሸጠ ግን ሻጩ የወንጀሉ ተካፋይ ነው።"

"አላውቅም ቢልስ?"

"ያላወቀ አይጠየቅም። ላለማወቅ ብሎ ያልጠየቀ ግን አላወቀም አይባልም።"

ሸረፋ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። ይቺን አባባል እንደ ከረሜላ እያላመጠ ሄደ። ሸህየው ከኋላው "ሸረፋ! በሰው ላይ መልካም ማሰብም ዒባዳ ነው፤ አላህን ማምለክ ነው" ማለታቸውን አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ አልፎታል።

መናኸሪያ ጠያይቆ ሙዘሚል ሐሙስ ሐሙስ ሺሺንዳ፣ እትዬ አልጣሽ የምትባል ጠጅ ጣይ ዘንድ እንደሚሄድ ደረሰበትና፣ ሐሙስ ጠዋት ሺሺንዳ ሊወርድ ተነሳ። ሱቁን ለሰኪና ከማስረከቡ በፊት ማዕረግ መጣ። ማዕረግ የስኳር ደንበኛው ነው፤ በየሳምንቱ አይሱዙ ይዞ ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። ዋጋ አይከራከርም፤ ወሬ አያበዛም። አንድ ጊዜ ብቻ "ለሺሺንዳ ዳቦ ቤት ነው" ብሎ ነበር። ሸረፋ ጆንያዎቹን አስጭኖ፣ "ደንበኛ ማለት እንዲህ ነው" ብሎ አመስግኖ ሸኘው፤ እሱም ሚኒባስ ተሳፈረ።

ሺሺንዳ ሲደርስ ዝናብ ያካፋል። ሸረፋ ጃንጥላውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አድርጎ፣ ደጃፏ ላይ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛውን ዝናብ በሚመታባት በከተማዋ አንዲት ዳቦ ቤት በኩል አለፈና፣ የእትዬ አልጣሽን ጠጅ ቤት አሻግሮ የሚያይበት ጥግ ያዘ። ብዙም አልቆየ፤ ሙዘሚል ባዶ ከረጢት ይዞ ከባጃጅ ወርዶ በጓሮ በር ገባ። በፊት ለፊት በር አይደለም፤ በጓሮ! ሸረፋ "ያ ረቢ፣ አልተሳሳትኩም" አለ በልቡ። ደስ ሊለው ሲገባ የኑሪያ ዓይን ትዝ አለው።

ጭቃውን እየረገጠ ተከትሎ ገባ።

ጓሮው ውስጥ ጠጅ የሚጣልባቸው በርሜሎች ተደርድረዋል። እትዬ አልጣሽ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ከጠጁ ተጣርቶ የቀረውን ሰፈፍ እየጨመቀች ሙዘሚል ከረጢት ውስጥ ትከታለች። ሽታው ያው የጃኬቱ ሽታ ነው። ሙዘሚል ቀና ሲል ሸረፋን አየና ክው አለ። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ሸረፋን የበለጠ አበገነው፤ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ከረጢቱን ጥሎ ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጠ፤ እዚያ ያለ ነገር ላይ ሸራ ጎትቶ አለበሰና በሩ ላይ ተገተረ።

"ምንድነው የደበቅከው?"

"ምንም አይደለም ጋሽ ሸረፋ። ይምጡ፣ ውጭ እንነጋገር።"

"ማሩ ነዋ! የምታቀብላት ማር!"

እትዬ አልጣሽ ሳቋ አመለጣት። "ኧረ ጌታው፣ እሱ ምን ማር አለውና! ሰፈፌን ይገዛኛል እንጂ እኔ ከሱ ምንም ገዝቼ አላውቅ። ውሃ ስሰጠው እንኳ ብርጭቆውን ሦስቴ አጥቦ ነው የሚጠጣው።"

ሸረፋ ግን ከሸራው ላይ ዓይኑን አልነቀለም። "ሰው የማያሳፍር ነገር አይደብቅም። ገልጠው!"

"አልገልጠውም።" ሙዘሚል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። "በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉት። ልጅዎን ይከልክሉኝ፤ እሱን ግን ይተዉት።"

በአላህ ተይዞ የሚተው ሸረፋ ቢሆን ኖሮ ሸረፋ አይባልም ነበር። ልጁን ገፍቶ ገባ፤ ሸራውን በሁለት እጁ ይዞ ገፈፈው።

ጆንያ ነው። የተደራረበ የስኳር ጆንያ፤ የሁሉም አፍ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል፤ ጫፉ ላይ እንደ ልጃገረድ ጸጉር ተጎንጉኗል።

ሸረፋ አንዱን ጉንጉን በጣቱ ነካው። አልተሳሳተም፤ ያንን ቋጠሮ በዓለም ላይ ከሱ ሌላ የሚቋጥረው የለም።

እትዬ አልጣሽ ሰውየው ማን እንደሆነ የምታውቀው ነገር የለም፤ ከበሩ ላይ ሆና ወሬዋን ቀጠለች። "ስኳር ነው እንጂ ምን መሰለዎት? በዚህ የማር ዋጋ ንጹህ ማር ብቻ ጥዬ ልኖር ነው? ማዕረግ ነው ከቦንጋ የሚያመጣልኝ። ይኸ ልጅ ደግሞ ምን እንደነካው እንጃ፣ በመጣ ቁጥር 'ስፌቱን ወደ ግድግዳ አዙሪው፣ ሰው አይየው' እያለ ይጨቀጭቀኛል። ለምን ብለው አይናገር። ዛሬ ገና አሁን መውረዱ ነው፤ መቼ ላዙረው!"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሸረፋ ሰማይ የተደፋበት ያህል ጎብጦ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

"ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?" አለ።

"ሽማግሌ ከመላኬ በፊት። ስፌትዎን ቦንጋ ውስጥ የማያውቅ አለ?"

"ታዲያ ያን ቀን ቤቴ ስጠይቅህ… ከየቦታው ያልከኝ…"

"ሺሺንዳ ብልዎት ይመጣሉ። ከመጡ ያያሉ።" ሙዘሚል አጠገቡ ተንበረከከ። "ስኳሩ የት እንደሚሄድ አያውቁም ብዬ ነው፣ ጋሽ ሸረፋ። ቢያውቁ አይሸጡም ብዬ።"

"አላውቅም ነበር" ሊል አፉን ከፈተ። የሸህ ከሊፋ ቃል ግን ቀደመው። ፋብሪካውን ጠርጥሯል፤ ሾፌሩን፣ ተሸካሚውን፣ አማቹ ሊሆን የመጣውን ልጅ ጠርጥሯል። ዝናብ እንኳ የማታስጠልል ዳቦ ቤት በየሳምንቱ ያን ሁሉ ስኳር እንዴት ትጨርሳለች ብሎ ማዕረግን ለመጠየቅ ግን አንድ ቀን አልቃጣውም። ለምን እንዳልጠየቀ ሲያስበው ፊቱ በእፍረት ጋለ፤ እንዳይነገረው ፈርቶ ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሸህ ከሊፋም አብረዋቸው አሉ። ሙዘሚል በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ኑሪያ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ እንደቆመች ሸረፋ እግሯን አይቷል።

"እህ ሸረፋ፣ የልጁን ሥራ ምን ሆኖ አገኘኸው?" አሉ ታላቁ ሽማግሌ።

"ጓሮ ድረስ ገብቼ አይቻለሁ። የተደበቀውንም ገልጫለሁ። ልጁ ነውር የለበትም። ልጄን ሰጥቻለሁ።"

ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሽ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ለዱዓ ሲዘረጉ ሸረፋ አቋረጣቸው።

"አንድ ነገር ቀርቷል። እሱ ግን ከእኔ ቤት ከማግባቱ በፊት፣ የእኔ ሥራ ሐላል መሆኑን ሸህ ከሊፋን ይጠይቅ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "አይ ሸረፋ! ደግሞ ራሱን መጠርጠር ጀመረ!" አሉ አንዱ፤ ሰኪና ሳትቀር ሳቀች። ቢፈልግ እዚያው ላይ አብሮ ስቆ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ያልፍ ነበር። ሙዘሚልም በዓይኑ "ይተዉት" አለው።

ሸረፋ ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተና የአረንጓዴ ክር ጥቅሉን አውጥቶ ሸህ ከሊፋ ፊት አስቀመጠው።

"ሸህ፣ የዚያን ቀን ስለ ማር ነበር የጠየቅኩዎት" አለ። "ዛሬ ስለ ስኳር ልጠይቅዎ።"